ደች በዱቤ መዝገብ

ሆላንድ የሚኖር ሰው ማግባት ከባድ አይደለም። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀለበት ይታሰራል፣ ሠርግ ይደገሳል። ከባዱ ከመልስ በኋላ ያለው ነው። ሙሽራው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሥራው ሲመለስ ሙሽሪት ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ ተማሪ ትሆናለች። በእኛ ሀገር ወላጅ ልጁን የሚያሳድገው «መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ ባል የትም አይሄድም» እያለ ነው። ሆላንድ ግን አግብተሽ ስታበቂ እንደገና አንደኛ ክፍል ታስገባሻለች። ባልም እንደተባለው የትም አይሄድም፤ ሮተርዳም ቁጭ ብሎ ውጤት ይጠብቃል።

ቀልድ አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2006 ወዲህ ከኢትዮጵያና ከሌሎች ብዙ ሀገሮች ባሏን ብላ ወይም ሚስቱን ብሎ ሆላንድ ሊኖር የሚሄድ ሰው ገና ሀገሩ ሳለ የደች ቋንቋ ይፈተናል። ፈተናው ሦስት ነው፦ መናገር፣ ማንበብና ስለ ሀገሬው አኗኗር ማወቅ። ሦስቱ አንድ ላይ 150 ዩሮ ያስከፍላሉ። የወደቀ እንደገና ይከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የንግግሩ ፈተና በስልክ ነበር፤ ያውም ከሰው ጋር ሳይሆን ከኮምፒውተር ጋር። ሙሽሪት እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ማሽኑ ያለውን ትደግማለች፣ ማሽኑም ነጥብ ይሰጣታል። ዛሬ ስልኩ ቀርቶ ፈተናው ስክሪን ፊት ሆኗል። የሚሰጠውም በኤምባሲ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ከአለት የተፈለፈለ የሚመስል ቀይ ሕንፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ሊፈተን የሚገባ ሰው ግን ግንቡን ቀና ብሎ የሚያይ አይመስለኝም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚገባው።

የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዷ ሆነች። ባሏ ሮተርዳም ነው። እሷ መርካቶ ናት፤ ምናለሽ ተራ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ። ምናለሽ ተራ ከተማው የጣለው ሁሉ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ሠፈር ነው። እዚያ በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ አሮጌ ላሜራ ገብቶ አካፋ ሆኖ ይወጣል። መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የአክስቴ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከሰው የተዋሰችውን የደች መማሪያ ኮፒ ታጠና ጀመር። መማሪያው ቃላቱን በፊደል ተራ ነው የደረደረው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰሞን የያዘቻቸው ቃላት «አፕ»፣ «አርድአፕል»፣ «አርድቤይ» እና «አርድቤቪንግ» ሆኑ። ዝንጀሮ፣ ድንች፣ እንጆሪ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

አባቷ የአክስቴ ባል ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። መዶሻቸውን አስቀምጠው አዳመጧት።

«ሮተርዳም ዝንጀሮ አለ እንዴ?»

«የአራዊት ማቆያ ውስጥ አለ መሰለኝ፣ አባዬ።»

«ባልሽ የሚሠራው እዚያ ነው?»

«ኧረ አይደለም! መጋዘን ነው የሚሠራው።»

«እና ከዝንጀሮው ጋር ማን ያገናኝሻል?»

ከአራቱ ቃላት ድንችን ብቻ አጸደቁላት። የመሬት መንቀጥቀጡንም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ስለነቀነቀን በይደር ያዙት። የቀረውን «ሲያጋጥምሽ ትማሪዋለሽ» ብለው ሰረዙት።

ጋሼ እንዲህ የሚደፍሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሳቸው የውጭ ቋንቋ የሚማሩበትን መንገድ ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን ነው የማያውቁት። ጣልያንኛ ይችሉ እንደሆነ ብትጠይቋቸው ይስቁባችኋል። ሱቃቸው ውስጥ ሆናችሁ አንድ ሰዓት ብትሰሟቸው ግን ካቻቪቴ አምጣ፣ ፒንሳውን አቀብለኝ፣ ብሎኑን ከዳዶው ጋር አስረው፣ ላሜራውን ቁረጥ፣ ቱቦውን እጠፍ ሲሉ ይውላሉ። ይህ ሁሉ ጣልያንኛ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የአራዳን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረና የሀገሬው ሰው ገበያ ብሎ ሰየመው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ጊዜ ቅሪት ነው። ከነጻነት በኋላም ሀገር ውስጥ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥና ወርክሾፕ ከፍተው ሠሩ። አጠገባቸው የቆመው ረዳት ሰዋስው አልተማረም፤ ካቻቪቴ ሲባል ካቻቪቴ ካላቀበለ ግን ምሳ አይበላም ነበር። ቃሉ በዚያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጋሼ ዘንድ ደረሰ።

ደቾችስ እኛ ዘንድ አልመጡም ወይ የሚል ካለ፣ መጥተዋል። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ወንጂ ላይ ያቆመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1967 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል በእጁ ቆይቷል። ስኳሩ በኩንታል በኩንታል መርካቶ ገባ፤ ቋንቋው ግን ወንጂ ላይ ቀረ። ጣልያን ጋራዡን በሙሉ ቃል ሲያስታጥቅ ደች በሃያ ዓመት መርካቶን ሳያናግር የሄደው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መካኒክ መሣሪያውን በስሙ ካልጠራ የሚያቀብለው የለም። የስኳር ነጋዴ ግን ስለ ስኳር የሚፈልገው የኩንታሉን ዋጋ ነው፣ ዋጋውንም በአማርኛ ይነግሩታል። ሰው የማያስፈልገውን ቃል በነጻ ቢሰጡትም አይወስድም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ታሪክ አላወሩም። ከመሳቢያቸው አዲስ የዱቤ መዝገብ አወጡና ለልጃቸው ሰጧት። «ደብተር ለተማሪ ነው፤ ነጋዴ የሚይዘው መዝገብ ነው» አሉና አያያዙን አስረዷት። መርካቶ በፊደል ተራ አልተደረደረም። በርበሬ በርበሬ ተራ ነው፤ ሸማ ሸማ ተራ ነው፤ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። የሚሸጥ ሁሉ ከሚፈለግ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። እንግዲህ መዝገቡም እንዲሁ ይሁን ተባለ፦ አንድ ገጽ የሱቅ ተራ፣ አንድ ገጽ የሐኪም ተራ፣ አንድ ገጽ የባቡር ተራ፣ አንድ ገጽ የማዘጋጃ ቤት ተራ። ቃል ብቻውን አይመዘገብም፤ ባለቤቱና ጉዳዩ አብረው ይጻፋሉ። ማን ይለኛል፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ለዱቤ ያልታመነ ስም አይጻፍምና ጥቅሙ ያልታወቀ ቃልም አይጻፍም።

አሰባሰቡንም ከዱቤው ወሰዱት። ማታ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ልጅቷ መዝገቡን ይዛ ትጠየቃለች። የተመለሰው ቃል ምልክት ይደረግበትና ለሳምንት ይተዋል። ያልተመለሰው ነገ እንደገና ይጠየቃል፣ ከነገ ወዲያም ይጠየቃል። «የሚከፍለውን አታሰልቺው፣ የማይከፍለውን በር በሩን ጠብቂው» አሉ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ሰው ያጠናውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረሳ ትርጉም የለሽ ድምፆችን በራሱ ላይ እየሞከረ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፏል። በየጊዜው የተከለሰ ነገር እንደሚቆይ ያሳየውም ያ ጥናት ነው። ጋሼ እዚያው የደረሱት ባለ ዕዳ በማሳደድ ነው።

መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ የተደረገው ቆጠራ ነው። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ከመግዛቱ በፊት ያለውን ይቆጥራል። የአክስቴ ልጅም ደች ሳትማር ያላት ደች ብዙ ሆኖ ተገኘ። ባንክ «ባንክ» ነው፤ ታክሲ «ታክሲ» ነው። ቲማቲም «ቶማት»፣ ሙዝ «ባናን»፣ ቢራ «ቢር»፣ ፋብሪካ «ፋብሪክ»፣ ሹፌር «ሾፈር» ነው። ኪሎና ሊትርም ኪሎና ሊትር ናቸው። ፓስፖርት «ፓስፖርት» ሆኖ ቀጥሏል። ሁሉንም የሚያስደስተው ግን ባሏ በስልክ የነገራት ነው። ሆላንድ ሆስፒታል በቀጥታ አይኬድም፤ መጀመሪያ የሠፈር ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፣ ሐኪሙም ከብዙ ጥያቄ በኋላ ፓራሲታሞል ውሰጂ ብሎ ያሰናብታል። «ፓራሲታሞል በደች ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀው «ፓራሲታሞል» አላት። በአንድ ቃል የሐኪም ተራ ግማሹ ተሞላ።

ቀጥሎ የሱቅ ተራ መጣ። ይህን የሚያስተምረው ባልየው ነው። እሁድ እሁድ ስልኩን ከፍቶ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ይሆናል። መምህር ቢሆን ኖሮ ሙሽሪት ታፍር ነበር፤ ገንዘብ ተቀባይ ሲሆን ግን ትከራከረዋለች። የሆላንድ ገንዘብ ተቀባይ የምትጠይቀው ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ነው፦ የቅናሽ ካርድ አለዎት? በካርድ ነው? ደረሰኝ ይፈልጋሉ? ፌስታል ይጨመር? በደቹ ካርዱ «ቦኑስካርት»፣ በካርድ መክፈሉ «ፒነን»፣ ደረሰኙ «ቦነትየ»፣ ፌስታሉ «ታስየ» ነው። ጋሼ ከጀርባ ሆነው «ታስየ» የምትለዋን ሲሰሙ ጣሳ መሰላቸውና «ጣሳማ ከእኛ ይሻላል፣ ከዚህ ይዘሽ ሂጂ» አሉ። መልሱ ከሦስት ቃል አይበልጥም፤ ለመፈለግ «ያ፣ ኽራኽ»፣ ላለመፈለግ «ኔ፣ ዳንክ ኡ»። እነዚህን አራት ጥያቄዎችና ሁለት መልሶች የያዘ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ የሀገር ልጅ ነው። ዝንጀሮና እንጆሪ የያዘ ሰው ግን ከኋላው ሰልፍ ያስረዝማል።

ችግሩ አስቤዛው ላይ መጣ። እንቁላል «ኤይ» ነው። ሽንኩርት ደግሞ «ኧይ» እና «አውይ» መካከል የምትገኝ፣ ለእኛ ከንፈር ያልተሠራች ድምፅ ናት። የአክስቴ ልጅ ለዶሮ ወጥ የሚሆነውን ስትዘረዝር የሰማ ሰው ጣቷን በር የቆነጠጣት ነበር የሚመስለው። ጎረቤት ሱቅ ያሉ ሴትዮ ሁለት ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው እናቴ?» ብለው መጡ። በተቃራኒው ደች ሲናገሩ ጉሮሮን የሚፍቀው ድምፅ እኛ አካባቢ ባለቤት አለው። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ሲመለሱ ጋሼ ሱቅ ጎራ የሚሉ፣ «ኹደሞርኸን» ለማለት የምትታገለውን ልጅ ሰምተው «ይህማ የአረብኛው ኻ ነው! ከላይ አይደለም ልጄ፣ ከጉሮሮሽ አውጪው» ብለው አስተካከሉላት። ትግርኛ የሚናገር ሰውም እዚህ ላይ አይቸገርም። ሐጂ ቁጥሩንም ቀለል አድርገው ነው የተቀበሉት። ደች ሃያ አምስትን «አምስትና ሃያ» ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ አረብኛም እንደዚያው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ዋጋ ሲጠራ ሃምሳ ሁለትና ሃያ አምስት ቦታ ይለዋወጡበታል፤ ልዩነቱ ደግሞ ሃያ ሰባት ዩሮ ነው።

ከቁጥር የባሰው ሰዓት ነው። «ሃልፍ ድሪ» ሲባል ቃሉ ግማሽና ሦስት ነው፤ እኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ብለን እንጨብጣለን። ደች ግን ወደ ሦስት የሚወስደውን ግማሽ ነው የሚቆጥረው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው። ይህ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል። ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ለማለት ደግሞ «ፋይፍ ፎር ሃልፍ ድሪ» ይላል፤ ለግማሽ ሦስት አምስት ጉዳይ! ልጅቷ ይህን በእኛ ሰዓት እስክትመነዝር ቀጠሮው ያልፋል። ጋሼ ይህ አላስጨነቃቸውም። «አንድ ሰዓት ብትዘገዪ ምን አለበት? ቀጠሮው እኮ ነው የሚጠብቅሽ» አሉ። ባልየው በስልክ «አባባ፣ እዚህ የአበሻ ቀጠሮ አይሠራም፤ ሐኪሙ ሌላ ሰው አስገብቶ እሷን ለሚቀጥለው ሳምንት ያዛውራታል» አላቸው። ስለዚህ ሰዓት የራሱ ገጽ ተሰጠው። ጋሼም «ሃልፍ» ሲሏት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንድትቀንስ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉላት።

የድርድር ተራ በጋሼ በኩል ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ገጽ ነበር። መርካቶ ያደገ ሰው ቋንቋ ቢረሳ ይህን አይረሳም ብለው መጨረሻው ስንት ነው፣ ቀንስልኝ፣ አያዋጣኝም፣ እዚያ ማዶ በስንት አገኘሁት መሰለህ፣ በጅምላ ብወስድስ የሚሉትን ሁሉ አስመዘገቧት። ባልየው ከሰማ በኋላ ዝም አለ። ሱፐርማርኬት ዋጋ አይቀንስም። የባቡር ትኬት ዋጋ አይቀንስም። ሐኪምም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ አከራይም አይቀንሱም። ገጹ ሊቀደድ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያገለገለ ዕቃ የሚሻሻጡበት ማርክትፕላትስ የሚባል የኢንተርኔት ገበያ አላቸው። እዚያ ብስክሌትም ሆነ ሶፋ የሚፈልግ ሰው ከሻጩ ጋር ይደራደራል። ፈላጊው መጀመሪያ የሚጽፈውም «ቫት ኢስ የ ላትስተ ፕራይስ» ነው። ቃል በቃል የጋሼ ጥያቄ ነው፦ መጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27፣ በንጉሣቸው በዓል ቀን ደግሞ ሀገሩ በሙሉ ጓዳውን አራግፎ መንገድ ላይ ይሸጣል፤ ልጆች መጫወቻቸውን፣ አሮጊቶች ሲኒያቸውን። ያን ቀን ድርድር ይፈቀዳል። ጋሼ ገጹ እንዳይቀደድ ከለከሉ። «ለበዓል ይቀመጥ» አሉ።

የጋሼ ዘዴ የተፈተነው ከዚህ በኋላ ነው። ካቻቪቴ በእጅ ይያዛል፤ «ብሮት» ዳቦ ነው፣ ይቆረሳል፤ «ፊትስ» ብስክሌት ነው፣ ይነዳል። በእጅ የሚያዝ ነገር ቃሉን ይሸከማል። ሆላንድ ሕይወትን የሚያንቀሳቅሱት ቃላት ግን አብዛኞቹ በእጅ አይያዙም። «አፍስፕራክ» ቀጠሮ ነው፤ ሐኪም ዘንድ፣ ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ያለ እሱ በር አይከፈትም። «ኸሜንተ» ማዘጋጃ ቤት ነው፤ አድራሻ የሚመዘገበው እዚያ ነው። ጋሼ ለእነዚህ የሚያሳዩት ዕቃ አጡ። ያን ጊዜ የመርካቶ ቃላት የመርካቶን ቀን ብቻ እንደሚሸፍኑ ገባን። የአክስቴ ልጅ መዝገቡን የምትሞላው ቀኗን እያየች ነበር፤ የምትኖረው ግን ሌላ ቀን ነው። መርካቶ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የምትለው «ግቡ እናቴ፣ እዩት፣ መንካት በነጻ ነው» እዚያ ሰሚ የለውም። ሕይወቷን ሙሉ ብላው የማታውቀው «ቀጠሮ መያዝ ፈልጌ ነበር» ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይፈለጋል።

ስለዚህ መዝገቡ በአዲስ ጥያቄ ተጀመረ። ባልየው አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማውንና የሚናገረውን ሁሉ እንዲያስታውስ ታዘዘ። ውጤቱ ለሁላችንም አስገራሚ ነበር፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ደች አንድ ገጽ አልሞላም። ጎረቤት ሲያገኝ «ሆይ» ይላል፣ ጎረቤቱም «ሆይ» ይለዋል፤ አለቀ። ደህና አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ሰብሉስ የለም። አክስቴ «ተኳርፈው ነው?» አለች። ሰላምታ ላይ የተረፈው ጊዜ ቀጠሮ ላይ ይውላል። ለሐኪሙም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተመዘገበ፦ «ኢክ ቪል ኤን አፍስፕራክ ማከን፣ ኦምዳት ኢክ ዚክ ቤን።» ስለታመምኩ ቀጠሮ መያዝ እፈልጋለሁ ማለት ነው። የኋለኛው ግማሽ ግሱን እንደ እኛ መጨረሻ ላይ ማሳረፉ ልጅቷን አጽናናት።

በዚህ መሃል ሰዋስው ሾልኮ ገባ። ደች ስሙን ሁሉ «ደ» ወይም «ሄት» እያስቀደመ ይጠራል፤ የቱ ለየቱ እንደሆነ አብሮ ካልተያዘ በብልሃት አይደረስበትም። አንድ ማምለጫ ግን አለ፦ ስሙን አሳንሶ መጥራት። መጨረሻው ላይ «የ» ወይም «ትየ» ከተጨመረ ሁሌም «ሄት» ነው። የአክስቴ ልጅም ሁሉን አሳነሰች። የቡና ሲኒዋ «ኮፕየ»፣ ዳቦዋ «ብሮትየ»፣ ብስክሌቷ «ፊትስየ» ሆነ። ሀገሬውም እንዲህ ማሳነስ ስለሚወድ አይነቃባትም። አንተና አንቱንም መማር አላስፈለጋትም፤ ደች «የ» እና «ኡ» ብሎ እንደ እኛ ስለሚለይ ይዛው ነው የምትሄደው። ባሏ ግን እዚያ ሽማግሌው ሳይቀር ቶሎ «አንተ በለኝ» እንደሚል አስጠነቀቃት። ጋሼ ይህን አልወደዱትም።

የተሰረዘም አለ። የጋሼ ረዳት አንድ ቀን «ካቻቪቴ በደች ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። «ስኽሩፈንድራየር» ሆነ። ሦስታችንም ሞከርን፤ ምላሳችን ታሰረ። ጋሼ ፈረዱ፦ «ተዪው ልጄ፣ ብሎን ልትፈቺ አይደለም የምትሄጂው። ብትቸገሪ በጣትሽ አሳዪያቸው።»

በጣት አሳዪ ያሉት ቀልድ አይደለም፤ የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ የተሰጠው ለዚህ ነው። ላልታወቀ ቃል መጠየቂያ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮች እዚያ ተጻፉ፦ «ሁ ሄት ዲት?» ይህ ምን ይባላል፤ «ላንግዛመር፣ አልስቱብሊፍት» እባክዎ ቀስ ብለው፤ «ኢክ በኽራይፕ ሄት ኒት» አልገባኝም። በዚህ መንገድ የተሠሩ መጻሕፍት አሉ። ላይደን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲገናኝ አንዱ የአንዱን ቋንቋ በደንብ አይናገርም ነበር። እየተጠያየቁ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተራረሙ ቀጠሉ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የዚያ ጥያቄና መልስ ፍሬ ነው። ጠያቂና መላሽ ካሉ መጽሐፉ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ባልየው በራሱ ፈቃድ ጨመረ፤ ሆላንድ ለሚሄድ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። ሆላንዶች እንግሊዝኛ ይችላሉ። እንግዳ ሰው ደች ሲናገር ከተንተባተበ አዝነውለት ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ቸርነት ነው፤ ግን ተማሪውን ያስቀረዋል። እዚያ ዓመታት ኖረው በደች ዳቦ የማይገዙ ሰዎች አሉ፤ ማንም እንዲገዙ አላስገደዳቸውማ። መድኃኒቷ «ኢክ ቪል ኽራኽ ኔደርላንትስ ፕራተን» ናት፤ ደች መናገር እፈልጋለሁ። ይቺን በፈገግታ የምትል ሴት ከፖስተኛ እስከ ሐኪም ሁሉ አስተማሪዋ ይሆናል፤ ያለ ክፍያ።

የአክስቴ ልጅ አለፈች። ንግግሩ ከገመትነው በላይ ቀለላት፤ የምትኖርበትን፣ የምትበላውን፣ ቅዳሜ የምትሠራውን ነበር የተጠየቀችው፣ መዝገቡም ከዚህ ሌላ አልያዘም። ስለ ሀገሬው አኗኗር ሲጠየቅም ልጅ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ እንዳለበት፣ ለድንገተኛ አደጋ 112 እንደሚደወል ታውቅ ነበር፤ የተማረችው ከባሏ ቀን ነዋ። እዚያ ስትደርስ ሥራው አያልቅም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ወዲህ የጸናው ሕግ ሆላንድ የገባውን ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ከፍ ወዳለው ቢ1 ወደሚባለው እርከን እንዲደርስ ይጠይቃል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሁለተኛ መዝገብ ሊያወጡ መሳቢያ ከፈቱ።

እንግዲህ ባል ወይም ሚስት ብላችሁ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ብላችሁ ሆላንድ ለመሄድ የተነሳችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወፍራም መዝገበ ቃላት ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ላለው ዘመዳችሁ ደውሉና ስለ ፎቶውና ስለ በረዶው ትታችሁ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ማን አናገረህ፣ ምን አለህ፣ ምን መለስክ ብላችሁ ጠይቁት። ዘመድ ሆናችሁ ይህን የምትጠየቁም በደንብ መልሱ፤ ከምትልኩት ሽቶ ይበልጣል። የሚነግራችሁ ከአንድ ደብተር አይበልጥም። እሱን አጥንታችሁ ሂዱ፤ የቀረውን ሀገሬውን እየጠየቃችሁ ትሞሉታላችሁ።